ቱሉ ዲምቱ ላይ በ30 ብር የሚሳቅበት ቤት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአንዱ ሕንፃ ሥር ባለ የንግድ ክፍል ኳስ የሚታይበት ቤት አለ። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው፤ የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ እየተጋፋ ይገባል፣ እየተሰዳደበ ይወጣል። ረቡዕ ማታ ግን ባለቤቱ ኳሱን ትቶ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ አስቂኝ ፊልሞችን ያሳያል። የምጽፈው ስለ ረቡዑ ነው። ስለ ኳሱ የሚጽፍ አይጠፋም።

ቤቱ ስም የለውም። በሩ ላይ የተለጠፈውን የዲኤስቲቪ ማስታወቂያ ፀሐይ በልታው ነጭ ወረቀት ሆኗል። የሚፈልግ ሰው ከአደባባዩ ወደ ውስጥ ገብቶ «ኳስ ቤቱ የት ነው?» ቢል ሕፃን ልጅ እንኳ ያደርሰዋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከዚያው ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ ነው። ሙያዬን የምናገረው ፊልም የማይበት ዓይን ከሌላው ሰው ስለሚለይ ነው። ተዋናዩ ሲያለቅስ ሰው እንባውን ያያል፣ እኔ እጅጌውን አያለሁ። ስለዚህ የምሰጠው ፍርድ በጨርቅ በኩል ያደላል፤ የማይስማማው ካለ አይቶ የራሱን ይናገር።

መጀመሪያ ቤቱን ልጨርስ። መግቢያው 30 ብር ነው። ሻይ 15፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ኦቾሎኒ 10። መቀመጫው ጀርባ የሌለው አግዳሚ ስለሆነ ለወገብ ጠላት ነው፤ እኔ ትራስ ይዤ እሄዳለሁ፣ አሁን አሁን ሌሎች ሴቶችም መያዝ ጀምረዋል። ፕሮጀክተሩ ደህና ነው። ስክሪኑ ግን ከሁለት ነጭ አንሶላ የተጋጠመ ሲሆን መጋጠሚያው ከላይ ወደ ታች መሐል ለመሐል ወርዷል። ተዋናዩ ፊት ለፊት በቆመ ቁጥር አፍንጫው ላይ መስመር ይወጣበታል። ማን እንደሰፋው አላውቅም። አንሶላው ነጭ፣ ክሩ ክሬም! ደግሞስ አንሶላዎቹን አጋድሞ ቢያጋጥማቸው ኖሮ መስመሩ ወገብ ላይ ይውል ነበር፤ ወገብ ላይ መስመር ቢታይ ቀበቶ ነው ተብሎ ይታለፋል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም። ባለቤቱ ገንዘብ አይመልስም፤ ለሚቀጥለው ረቡዕ የሚያገለግል ፊርማ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ቢሄድ መጨረሻውን ለማየት ሳምንት መጠበቅ ነው፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ደግሞ ሌላ ፊልም ይሆናል። እንዲህ ተቋርጦብኝ እስካሁን መጨረሻውን ያላየሁት ፊልም አለ። ይህ ቅሬታዬ ይመዝገብልኝ።

አሁን ወደ ፊልሞቹ። ካየኋቸው ሁሉ የምወደው የሰፈራችን ልጆች በስልክ ካሜራ የቀረጹት፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሙሽራ ለሰርጉ ብሎ ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ ተበድሯል፤ አበዳሪው ሊይዘው ይፈልገዋል፣ እሱ ይሸሻል። ችግሩ ግን ልጆቹ ያላቸው አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ መሆኑ ነው። ግራጫ፣ ቀጭን መስመር ያለው፣ ገበሩ ወይን ጠጅ። ሙሽራውም ይለብሰዋል፣ አበዳሪውም ይለብሰዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሊገናኙ አይችሉም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛ ልብስ ይዋስ ነበር። እነዚህ ልጆች ግን ፊልሙን በዚያው በአንዱ ልብስ ዙሪያ ገመዱት። አበዳሪው በር ሲያንኳኳ ሙሽራው በበረንዳ ወርዷል። ሙሽራው ሲመለስ አበዳሪው ደረጃውን ጨርሶ ሄዷል። አማትየዋ በመስኮት እያየች «ይህ ልብስ አሁን ወጣ አላልሽኝም? እንዴት ተመልሶ ገባ?» ትላለች። ሰርጉ እየተቃረበ በሄደ ቁጥር መሸሹ ይፈጥናል፤ ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ በአንዱ በር ልብሱ ሲወጣ በሌላው በር ሲገባ ያሳየናል። አንድ ስልክ ብቻ ስላላቸው በአንድ ጊዜ ከዚህም ከዚያም ቀርጾ መገጣጠም አይቻላቸውም፤ ያ ደግሞ በጃቸው። ሰው ሮጦ ከበር ሲገባና ሲወጣ ከራሱ እስከ እግሩ ካልታየ አያስቅም።

በመጨረሻ ጉዳዩ ለሽማግሌ ይደርሳል። ሽማግሌ ፊት ደግሞ ሁለቱም መቅረብ አለባቸው። እኔ እዚህ ላይ ሲደርስ እንዴት ሊወጡት ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። በሩ ተከፈተ። ሙሽራው ኮቱን ለብሷል፣ ከታች የእንቅልፍ ሱሪ ነው። አበዳሪው ሱሪውን ታጥቋል፣ ከላይ ጋቢ ደርቧል። ሁለቱም ትክ ብለው ወደፊት ያያሉ፣ ማንም ምንም አይልም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መነጽራቸውን አውጥተው ሱሪውን አዩ፣ ኮቱን አዩ፣ እንደገና ሱሪውን አዩና «ልጆች፣ ዕርቁ ከጨርቁ ይጀምር» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ኦቾሎኒዋን በተነችው።

ልብሱን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ነው የማውቀው። የግራው ትከሻ ስፖንጅ ወልቋል፤ በዚህ የተነሣ የግራው እጅጌ አንድ ጣት ወርዶ አውራ ጣትን ይሸፍናል። ፊልሙ ሲያልቅ ዳይሬክተሩን (ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው) «ልብሱ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የአጎቴ ነው፣ እትዬ። እሑድ እሑድ እሱ ስለሚፈልገው ቅዳሜ ብቻ ነበር የምንቀርጸው» አለኝ። ስፖንጁን በነፃ ልተካለት ብል እሺ አላለም፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ትከሻው መታየት አለበት ብሎ። ይህ ልጅ የት እንደሚደርስ ባላውቅም ሥራውን ያውቃል።

ገንዘብ የሌለው ኮሜዲ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማጣቱን ይደብቃል። ሌላው ማጣቱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና «ኑ እንሳቅበት» ይላል። እኔን የሚያስቀኝ ሁለተኛው ነው። ለዚህ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ርቀው የሚገኙ ምስክሮች አሉ፤ ባለቤቱም ከሰፈሩ ሥራዎች ጋር እያፈራረቀ ያሳያቸዋል።

ሞንቲ ፓይተን የሚባለው የእንግሊዝ የኮሜዲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው፣ በተረቱ ንጉሥ በአርተር ላይ የሚቀልድ ፊልም አንዱ ነው። ገንዘቡ የመጣው ከሮክ ሙዚቀኞች ነው፤ ፒንክ ፍሎይድና ሌድ ዜፕሊን ካዋጡት መካከል ይገኛሉ። ቢሆንም ለፈረስ የሚበቃ አልነበረም። ፈረሰኛ የሌለው የንጉሥ ታሪክ ደግሞ የት ይገኛል? ስለዚህ ንጉሡ በእግሩ ዱብ ዱብ ይላል፤ አሽከሩ ከኋላው ሁለት ግማሽ የኮኮናት ልጣጭ እያጋጨ የኮቴ ድምፅ ያሰማል። ይባስ ብለው ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ኮኮናቱን አይተው ከየት እንደመጣ ይከራከሩበታል። የተለያዩ የሚመስሉት ግንቦችም አብዛኞቹ ስኮትላንድ ውስጥ ያለው የዱን ግንብ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ግንቦች ፈቃድ ሲነፈግባቸው አንዱን በየማዕዘኑ እየዞሩ ቀረጹት። የእኛ ልጆችም አንዱን ደረጃ ሆስፒታልም ፍርድ ቤትም አድርገውታል፤ ልዩነቱ በሩ ላይ የሚንጠለጠለው ካርቶን መገልበጡ ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ጥሩሩ ነው። የፈረሰኞቹ የብረት ጥሩር ሲራመዱ ሲለጠጥ አየሁት። ብረት አይለጠጥም! ነገሩ በክር የተሠራ ሹራብ ሆኖ ብርማ ቀለም የተቀባ ነው። በስኮትላንድ ዝናብ ሱፍ ሲርስ ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም ሹራብ ያጠበ ሰው ያውቀዋል፤ የተዋናዮቹ መንቀጥቀጥ ትወና ብቻ አይመስለኝም። አጠገቤ ለነበሩት ሁሉ ይህንን ስነግር ዝም እንድል ተጠየቅሁ።

የውጭ ፊልም ሲሆን ባለቤቱ ማይክ ይዞ ይተረጉማል። ይህ ለአንዳንድ ሰው ችግር ነው፤ ለእኔ የመግቢያው ግማሽ ዋጋ ለእሱ ድምፅ ነው። ትርጉሙ ታማኝ አይደለም። ከፊልሙ ጋር የራሱን ይጨምራል፣ ለገጸ ባሕርያቱ ምክር ይሰጣል፣ ኳስ ቤት ዕዳ ያለባቸውን ደንበኞች በጨዋታ መሐል ያነሣል። ከፊት ወንበር የማይጠፉ አንድ ጋሼ፣ በምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ሰው «የሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር አንሥተው «ያኔ ማይክ ቢኖር ኖሮ ስሙ ይገባው ነበር» ብለውታል። ቅር አላለውም።

ነገሩ የእሱ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ኡጋንዳ ውስጥ በየቪዲዮ ቤቱ ፊልም እየታየ በላዩ ላይ የሚያወራ ሰው አለ፤ ቪጄ ይሉታል፣ ቪዲዮ ጆከር ማለት ነው። ካምፓላ ውስጥ ዋካሊጋ በሚባል የድሃ ሰፈር አይዛክ ናብዋና የተባለ፣ ቀድሞ ጡብ ይሠራ የነበረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ» የተባለውን ፊልም በ200 ዶላር ገደማ እንደሠራ ይነገራል። ሽጉጥና መትረየሱ ከቁርጥራጭ ብረት የተበየደ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ በኮምፒውተር የተሳለ፣ ከሕፃናት ጨዋታ የወረደ ነው። ናብዋና ኮምፒውተሩ ላይ ለቀጣዩ ሥራ ቦታ ሲያጣ የፊልሙን ዋና ቅጂ ደመሰሰው። ስለዚህ ዛሬ ዓለም የሚያየው የቪጄ ኤሚ ድምፅ የተጫነበትን ቅጂ ብቻ ነው፤ ተዋናዮቹ ሲታኮሱ እሱ ያበረታታቸዋል፣ ይሳለቅባቸዋል፣ ፊልሙን ለገበያ ያስተዋውቃል። እኛ ቤት ሲታይ ደግሞ በኤሚ ድምፅ ላይ የባለቤታችን ድምፅ ተደረበ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲቀልድ አንዱንም መስማት አይቻልም፤ ሰው ግን ሌላ ሰው ሲስቅ እያየ ይስቅ ነበር። የሕንድና የካራቴ ፊልም ይታይበት የነበረውን የድሮ ቪዲዮ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ማታ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

ጃፓን የሠራችው «ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ» የታየበት ረቡዕ ግን የተለየ ነበር። ሺኒቺሮ ኡዌዳ እ.ኤ.አ. በ2017 በ3 ሚሊዮን የን ስማቸው በማይታወቅ ተዋናዮች የሠራው ነው። የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ካሜራው አንዴም ሳይቋረጥ ይሄዳሉ፤ የዞምቢ ፊልም ሊቀርጹ የመጡ ሰዎችን ዞምቢ ያባርራቸዋል። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ደቂቃዎች ያናድዳሉ። ተዋናዮቹ ያለ ቦታው ዝም ይላሉ፣ ካሜራው መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል፣ አንዱ ሰው ያለ ምክንያት ከቤት ይወጣል። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ ሁለት ወጣቶች ተነሡ። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ በማይኩ «37 ደቂቃ ሳይሞላ የወጣ ገንዘቡ አይመለስለትም፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ያልሳቀ ግን 30 ብሩን ይውሰድ» አለ። ልጆቹ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልናገርም፤ ያላየ ሰው ጠላቴ ይሆናል። የምናገረው ያ ሁሉ ያናደደን ነገር፣ ዝምታውም የወደቀው ካሜራም፣ አንድ በአንድ እየተመለሰ ሳቅ መሆኑን ብቻ ነው። ሥራው የልብስን ገበር ገልብጦ የማሳየት ያህል ነው፤ ከላይ ጠማማ የመሰለው ስፌት ከውስጥ ሲታይ ምን ያህል እጅ እንደተረባረበበት ያስታውቃል። ፊልሙ ቶኪዮ ውስጥ በትንንሽ አዳራሾች ጀምሮ ከ3 ቢሊዮን የን በላይ ገቢ አግኝቷል፤ ከወጪው 1000 እጥፍ በላይ ማለት ነው። እኛ ቤት 30 ብሩን ሊያስመልስ የመጣ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ወጣቶች ጭራሽ ድጋሚ ይታይልን ብለው ጠየቁ።

የማይረባም ይታያል። አንድ ማታ በቪላ ውስጥ የተቀረጸ፣ በድሮን ከሰማይ የሚጀምር፣ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ «ኮሜዲ» ቀረበልን። ማን እንደሠራው አልጠቅስም። መኪናው ያበራል፣ ሶፋው ያበራል፣ ተዋናዩ ግን የሶፋው ላስቲክ እንዳይቀደድ ፈርቶ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። የዋናው ገጸ ባሕርይ ሙሉ ልብስ ውድ ነው፤ ነገር ግን የግራ እጅጌው ጫፍ ላይ ሲገዛ የነበረው የፋብሪካ ምልክት በአራት የክር ጥልፍ እንደተያዘ አለ። ያ ምልክት ልብሱ ሲገዛ የሚፈታ ነው። ያልተፈታው ልብሱ ለሱቁ ስለሚመለስ ነው። እኔ እሱን አይቼ ሳቅሁ፤ ቦታው ግን የአባትየው ሞት የሚነገርበት ነበርና ሰው ዞሮ አየኝ። ይህን ምልክት አውጥተው ቀልድ ቢያደርጉት ምን ነበረበት? ባለሀብት ነኝ የሚል ሰው እጁን በወረወረ ቁጥር የተከራየው ልብስ ቢያጋልጠው ለአንድ ፊልም ይበቃ ነበር።

ተመልካቻችን ደግሞ ለዚህ ዓይነት ቀልድ እንግዳ አይደለም። ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲመጡ ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰበሰበው ሁለቱን ሰዎች ለማየት እንጂ ከኋላቸው ያለውን መጋረጃ ለማየት አልነበረም።

የሰፈራችን ፊልሞች ዋና ጉድለት ሥዕል አይደለም፣ ድምፅ ነው። ሥዕሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፤ ቀልዱ ካልተሰማ ግን ምን ይደረጋል? ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ነፋስ አለ። ውጭ የተቀረጸ ንግግር ሁሉ በሹክሹክታና በፉጨት መሐል ይጠፋል፤ የስልክ ማይክ ራቁቱን ነፋስ ላይ ሲወጣ የሚሰማው ነፋሱን ብቻ ነው። ለልብሱ ፊልም ልጆች ከአንድ አሮጌ የሴት ካፖርት ኮሌታ የቆረጥኩትን ጸጉራም ጨርቅ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ማይኩ ላይ ጠቅልለው ሲሞክሩት ፉጨቱ ብዙ ቀንሷል። ሌሎች ልጆችም ቢመጡ ቁራጭ አይጠፋም። ባለቤቱ ደግሞ ከግድግዳው አናት ላይ ያስቀመጣቸውን ድምፅ ማጉያዎች ወደ ጆሮ ከፍታ ቢያወርዳቸው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው «ምን አለ?» እያለ የፊተኛውን ባልጎተተው ነበር።

ልጆች ይዞ ስለመምጣት፦ ባለቤቱ ጸያፍ ቃል ሲመጣ ማይኩ ላይ ያስላል፤ ሁልጊዜ ግን በሰዓቱ አይደርስም። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይመጣ ይሻላል። የጃፓኑ ፊልም መጀመሪያ ላይ ደም አለ፣ የኡጋንዳውም እንዲሁ። ሴቶች ብቻችንን ብንመጣ ምንም ችግር የለም፤ ኳስ ቀን ግን አልመክርም፣ በጨዋታው ምክንያት ሳይሆን በጭሱ። ረቡዕ ማጨስ ክልክል ነው፤ ጋሼ ስላስጨነቁት ነው።

መቀመጫ ሲመርጡ ከመሐሉ መስመር በስተግራ፣ ሦስተኛው አግዳሚ ጥሩ ነው። ከፊት ከሆነ አንሶላው ላይ የተጣፈው ክፍል ይታያል፤ ከኋላ ከሆነ ሻይ የምታቀርበዋ ልጅ ደጋግማ ታልፋለች። ፊልሙ ማታ 1 ሰዓት ይጀምራል ይባላል፤ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ መድረስ ይቻላል። ከሩቅ የምትመጡ ሰዎች ከ3 ሰዓት በኋላ ታክሲ እንደሚያስቸግር አስቡ፤ የቃሊቲ ሰዎች ተጠራርተው አንድ ባጃጅ ይዘው ሲሄዱ አያለሁ።

ደግሞም የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ የሚጫወትበት ረቡዕ ኮሜዲው ይሰረዛል፤ አርሰናል ካለበት ለመጠየቅም አትድከሙ። ፕሮግራሙ በር ላይ በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጻፋል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አልፋችሁ ካላያችሁት፣ ሱቄ ጎራ ብላችሁ ጠይቁኝ፤ ሰሌዳው ከመስኮቴ ይታየኛል።